ብሎን ማዞር ጥገና አይደለም

«ፉንዲው ብሎኗን ትንሽ ነካ ያደርጋታል፣ ዲስኩን ያነባል፣ ትሸጣለህ።» ይህን ምክር ኢስሊ ሰምቼዋለሁ። ሞያሌ በሁለቱም በኩል ሰምቼዋለሁ። መርካቶ ምን አለሽ ተራም ሰምቼዋለሁ። አሮጌ ፕሌይስቴሽን ቱ የምናመላልስ ሰዎች እንደ ሙያ ምስጢር እንቀባበለዋለን። የእኔ ቃል ግን አጭር ነው፤ ይህ ጥገና አይደለም። ሊሞት የተቃረበ ሌንስ የቀረችውን ዕድሜ በአንዴ እንዲጨርስ አድርጎ ለሰው መሸጥ ነው። ተጠያቂውም ከፉንዲው በፊት ነጋዴው ነው፤ ፉንዲው የሚሠራው ነጋዴው የከፈለበትን ነውና።

«ለአሮጌ ጌም ይህን ያህል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ዕቃውንና ገዢውን እንያቸው።

ፕሌይስቴሽን ቱ ጃፓን ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 2000 ነው። ሶኒ ማምረቱን ያቆመው በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የኳስ ጨዋታ እንኳ እስከ ፊፋ 14 ድረስ ወጥቶለታል። ይህን የሚያህል ዕቃ በዓለም ላይ ተበትኖ ስለቀረ ነው ዛሬም ከዱባይም ከናይሮቢም የምናገኘው። አዲስ ግን አይመረትም። ስለዚህ በእጃችን የሚያልፈው እያንዳንዱ ማሽን ያገለገለ ነው፤ ብዙው «ዲስክ አያነብም» ተብሎ በርካሽ የተጣለ ነው።

ገዢውስ ማነው? ገንዘብ ያለው አዲሱን ይገዛል። የእኛን የሚገዛው ዕቁብ የወጣለት ወይም ከእናቱ የተበደረ ወጣት ነው። በአንዲት ክፍል ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አራት ጆይስቲክ አስቀምጦ የሰፈሩን ልጆች በጨዋታ ሒሳብ ያስከፍላል። ማሽኑ ማንበብ ሲያቆም የዚያ ልጅ ገቢ ግማሹ ቆመ ማለት ነው። የክፍሉ ኪራይ ግን አይቆምም፤ ዕቁቡም ሳምንቱን ጠብቆ ይመጣል። ያቺን ብሎን ስናስነካ የምንነካው ይህን ልጅ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ ሆድ እንግባ። ፉንዲ መሆን አያስፈልግም፤ የምንሸጠውን ማወቅ ግን ግዴታ ነው።

«ሌንስ» እያልን በምንጠራው ክፍል ውስጥ ጨረር የሚያወጣ በጣም ትንሽ ዳዮድ አለ። ጨረሩ በሌንሷ አልፎ ዲስኩ ላይ ያርፋል፣ ዲስኩ ውስጥ ካለው አንጸባራቂ ንጣፍ ተመልሶ ተቀባዩ ላይ ይወድቃል። ማሽኑ የሚያነበው ተመልሶ የመጣውን ብርሃን ነው። ሌንሷ በቀጫጭን ሽቦ ተንጠልጥላ ከፍ ዝቅ እያለች ታነጣጥራለች። ሌንሷን የተሸከመው ክፍል ደግሞ በሐዲድ ላይ ከመሐል ወደ ዳር ይንሸራተታል፤ ምክንያቱም የሲዲም ሆነ የዲቪዲ መረጃ የሚጀምረው ከመሐል ነው።

እንግዲህ ቁጠሩ። «አያነብም» የተባለ ማሽን ሕመሙ ዲስኩ ላይ ሊሆን ይችላል። ሌንሷ በአቧራና በጭስ ተሸፍና ሊሆን ይችላል። የሐዲዱ ግሪስ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ሪባኑ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን የሚያሽከረክረው ሞተር ደክሞ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ዳዮዱ ራሱ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ከስድስቱ ብሎኗ የምትነካው ስድስተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም አታድነውም።

ብሎን የምንላት ነገር ብሎን እንኳ አይደለችም። ወደ ዳዮዱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የምትቆጣጠር ትንሽ ተስተካካይ ሬዚስተር ናት፤ ፖታንሺዮሜትር ይሏታል። ፋብሪካው እያንዳንዱን ሌንስ ለብቻው ለክቶ ነው ያስተካከላት። ስለዚህ «የዚያኛው ማሽን በዚህ ቁጥር ሠርቷል» ብሎ የአንዱን ልክ ለሌላው መስጠት የሰው መነጽር ማድረግ ነው። ሬዚስተሩን ሲቀንሱት ዳዮዱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ ብርሃኑ ይበረታል፣ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። የበረታው ብርሃን አቧራውን ጥሶ ያልፍና ዲስኩ ይነበባል። አንዳንዴም ካቻቪቴው ከልኩ ትንሽ ሲያልፍ ዳዮዱ እዚያው ይቃጠላል።

ፋኖስ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ብርጭቆው ጥላሸት ሲይዝ የሚበጀው ብርጭቆውን መጥረግ ነው። ብርጭቆውን ትቶ ክሩን ከፍ የሚያደርግ ሰው ለዛሬ ማታ ብርሃን ያገኛል። ጋዙ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ብርጭቆውም ይብስ ይጠቁራል። ብሎን ማዞር ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ክሩን ከፍ ያደረግነው እኛ ስንሆን ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ዲስኩ። ሆዱ ሰማያዊ የሆነው የፕሌይስቴሽን ቱ ዲስክ ሲዲ ነው፤ ብርማው ዲቪዲ ነው። ማሽኑ ለሁለቱ የተለያየ ብርሃን ይጠቀማል፤ ለሲዲ ዓይን የማያየው 780 ናኖሜትር፣ ለዲቪዲ ቀዩ 650 ናኖሜትር። ስለዚህ ብርማውን አንብቦ ሰማያዊውን እንቢ የሚል ማሽን ሌንሱ በሙሉ አልሞተም። ዲስክ ሲጸዳ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ይጠረጋል እንጂ እንደ ሰሐን ዙሪያውን አይታሽም። የሲዲ መረጃ ከሥዕሉ ሥር ነው ያለው፤ ሥዕሉ በኩል የተላጠ ሲዲ ሆዱ ቢያብረቀርቅም አይድንም። የዲቪዲው ግን በሁለት ፕላስቲክ መካከል ነው። ደግሞም ቤት ውስጥ ተገልብጦ የተቀዳ ዲስክ ከፋብሪካው ዲስክ ያነሰ ብርሃን ይመልሳል። በቅጂ ዲስክ ብቻ ፈትሾ «ሌንሱ አልቋል» ማለት ንጹሑን ሰው በሐሰት ምስክር መፍረድ ነው።

ሁለተኛ ሌንሷ። ማሽኑ ከመብራት ተነቅሎ ይከፈታል፤ በጥጥ ጫፍ ላይ ጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል ተደርጎ ሳይጫኑ ይጠረጋል። የተንጠለጠለችው በቀጭን ሽቦ ነው ብያለሁ፤ የሚጫናት ሰው አቧራውን አስለቅቆ ሌንሷን ያጣምማታል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ በፍጹም! ሌንሷ ፕላስቲክ ናት፤ አሴቶን ያደበዝዛታል። ክፍት ማሽን እየሠራም ወደ ሌንሷ አትመልከቱ። የማይታየው ብርሃን ዓይን ይጎዳል።

ሦስተኛ ሐዲዱ። ጨዋታው በደንብ ጀምሮ መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ ሌንሷ ወደ ዳር መሄድ አቅቷት ሊሆን ይችላል። የደረቀው ግሪስ ይጠረግና ቀጭን ግሪስ በጥቂቱ ይቀባል። የኩሽና ዘይት ግሪስ አይደለም፤ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ይሆናል። በአቧራ መንገድ በጭነት መኪና ላይ ስንት ቀን ሲንገላታ የመጣ ዕቃ ሐዲዱ ሳይጸዳ ገበያ መውጣቱ ራሱ ያሳፍራል።

አራተኛ ሪባኑ። ነቅሎ፣ አይቶ፣ መልሶ በደንብ መሰካት ነው። በቀጭኑ ሞዴል ላይ ሪባኑ ወደ ላይ ከተነሳ ዲስኩን ክብ አድርጎ ይቧጭረዋል። ያንን ክብ ጭረት ያየ ሰው ሌላ ዲስክ ከማስገባቱ በፊት ሪባኑን ይፈትሽ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካላነበበ ሌንስ መቀየር ነው። እዚህም ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ አዲስ ሌንሶች የሰውነታችን ኤሌክትሪክ እንዳያቃጥላቸው በትንሽ ነጥብ ብየዳ ታስረው ይመጣሉ። ያ ነጥብ ካልተነሳ አዲሱ ሌንስ አይሠራም፤ «የቻይና ሌንስ ውሸት ነው» ተብሎ ይጣላል።

ብሎኗ የምትነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የነበረችበት ልክ በቴስተር ተለክቶ ይጻፋል፣ ቅንጣት ታህል ትዞራለች፣ ገዢውም ይነገረዋል። የእኛ ገበያ ግን የሚጀምረው ከዚህ ከመጨረሻው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መከራከሪያዎቹን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ርካሽ ስለሆነ ገዢው ራሱ ያውቀዋል» ይባላል። ካወቀ ታዲያ ፊቱ ዲስክ ለምን እናስገባለን? ያቺ አንድ ዲስክና አምስት ደቂቃ የእኛ ምስክርነት ናት፤ «ይሠራል» እያልን ነው። ሚቱምባ የሚሸጥ ሰው የተቀደደ ሸሚዝ ቢሸጥ ገዢው እጁን ከቶ ቀዳዳውን ያያል፤ ዋጋውንም ለቀዳዳው ያወርዳል። የተዞረች ብሎን ግን ከውጭ ቀዳዳ የላትም። ጉዳቱን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። የሚታይ ጉድለት በርካሽ መሸጥ ንግድ ነው፤ የተደበቀ ጉድለት መሸጥ ሌላ ስም አለው።

«ድሮም በመላ ነበር የምናስነብበው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሐዲዱ ሲበላ ገልብጠው ወይም በጎኑ አቁመው ያጫውቱት ነበር። እዚያ ውስጥ ግን ማታለል አልነበረም። የተገለበጠ ማሽን ችግሩን በአደባባይ ይናገራል። ገልብጦ «ተጠግኗል» ብሎ የሸጠ ሰው አላየሁም።

«ሁሉም ያደርገዋል» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ሁሉም ካደረገው የዕቃው ስም ይጠፋል። ሦስት ጊዜ የተቃጠለ ወጣት አራተኛውን ከእኔም ከእናንተም አይገዛም፤ ቤቱንም ዘግቶ ቴሌቪዥኑን ይሸጣል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።

«ማጽዳት ትርፍ ይበላል» ለሚለው ሒሳቡን እንሥራ። ኮሜርስ የተማረ ሰው ከቃል በፊት ወረቀት ያወጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ በየራሳችሁ ዋጋ ተኩት። 10 ማሽን በ3,000 ብር ተገዛ፣ 30,000 ሆነ። ለብሎን ማዞሪያ 100 ብር ተከፈለ፣ 1,000 ሆነ። እያንዳንዱ በ4,500 ተሸጠ፣ 45,000 ገባ። ትርፍ 14,000። ደስ ይላል። በወሩ 3 ማሽን ተመለሰ፤ 13,500 ተመላሽ ተደረገ። ትርፉ 500 ብርና ሦስት የሞተ ሌንስ ሆነ።

በሌላው መንገድ ደግሞ ለማጽዳትና ለመፈተሽ 300 ብር ተከፈለ እንበል፣ 3,000 ሆነ። ከአስሩ 7ቱ ጤነኛ ሆነው በ4,500 ተሸጡ፣ 31,500 ገባ። 3ቱ ሌንሳቸው ማለቁ ተነግሮ፣ በፍላሽ ብቻ የሚሠሩ ሆነው በ3,300 ተሸጡ፣ 9,900 ገባ። ለእነሱ ሜሞሪ ካርድ ማዘጋጃ 200፣ በድምሩ 600 ወጣ። ገቢ 41,400፣ ወጪ 33,600፣ ትርፍ 7,800 ብር። የሚመለስ ዕቃ፣ የሚሰደብ ስም የለም።

እዚህ ላይ አንዱ «እኔ መች እመልሳለሁ? ድንበር ተሻግሯል» ይለኛል። ትክክል! የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። ብሎን ማዞር የሚያተርፈው ገዢው ተመልሶ ሊያገኘን ስለማይችል ብቻ ነው። ናይሮቢ የተዞረው ማሽን ያቤሎ ላይ ሲሞት ልጁ ለማን ይከሳል? ደረሰኝ የለው፣ ስልኩ አይነሳለት። ትርፉ የመጣው ከድንበሩ እንጂ ከሙያችን አይደለም ማለት ነው። እኛ ኬላ ላይ ስንጉላላና ዕቃችን ሲያዝ «ሰሚ የለንም» ብለን እንጮኻለን። ድንበሩ እኛን ሲያሳጣን ግፍ፣ ሌላውን ሲያሳጣልን ትርፍ ሊሆን አይችልም።

የመጨረሻው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ «ዘመኑ የፍላሽ ነው፣ ዲስክ ማን ይፈልጋል?» እውነትነት አለው። ፕሮግራም በተጫነበት ሜሞሪ ካርድ ጨዋታን ከፍላሽ ማስነሳት ይቻላል፤ ሌንሱ የሞተ ማሽን በዚህ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። እኔም ከላይ በሒሳቡ አስገብቼዋለሁ። ግን ሙሉውን እንናገር። የፕሌይስቴሽን ቱ የፍላሽ መሰኪያ የድሮው ቀርፋፋ ዓይነት ነው፤ በአንዳንድ ጨዋታ ላይ ፊልሙ ይቆራረጣል። ትልቁ ሞዴል ከጀርባው ሃርድ ዲስክ ስለሚቀበል የተሻለ ነው። ከ90000 ቤተሰብ ዘግይተው የወጡት ቀጫጭኖች ደግሞ በሰፊው የተለመደውን የሜሞሪ ካርድ መንገድ አይቀበሉም። ስለዚህ «ዲስክ ባያነብም በፍላሽ ይሠራል» የሚባለው ለየትኛው ሞዴል እንደሆነ ተለይቶ ነው። ፍላሽ መኖሩ ብሎን ማዞርን አያጸድቅም፤ እንዲያውም ሰበቡን ያነሳል። እውነቱን ተናግሮ መሸጫ መንገድ ካለ ለምን ይዋሻል?

ፉንዲዎቹን ልከላከልላቸው። ሉቱሊ ጎዳና ላይም ሆነ መርካቶ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ልጆች አሉ። እኛ ግን አሥር ማሽን ደርድረን «ለማታ አውቶቡስ አድርስልኝ» እንላለን። የምንከፍለውም ላነበበው ማሽን ብቻ ነው። በሩብ ሰዓት የሚከፈልህ ለንባብ ከሆነ የምታስነብብበትን አጭር መንገድ ትመርጣለህ። ማጽዳት ካልተከፈለበት ማን ያጸዳል?

ስለዚህ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ከሚቀጥለው ጉዞ ጀምሮ አራት ነገር እንድናደርግ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ለፉንዲው ግማሹን ለሥራው እንክፈል፣ ግማሹን ከፈተና በኋላ። ዋጋውንም ለጽዳት እንቁረጥ፤ ማሽኑ ባያነብም የደከመበት ይከፈለው። ያኔ «ይህ ሌንሱ አልቋል» ለማለት አይፈራም።

ሁለተኛ፣ ፈተናው አምስት ደቂቃ አይሁን። አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ብርማ የፋብሪካ ዲስክ ይዘን እንሂድ። ከተቻለ ደግሞ እንደ ጎድ ኦፍ ዋር ያለ ባለ ሁለት ንጣፍ ዲቪዲ ይጨመር፤ ደካማ ሌንስ እዚያ ላይ ቶሎ ይጋለጣል። እያንዳንዱ ማሽን አንድ ሰዓት ይጫወት። ዳዮድ ሲሞቅ ያንኑ ብርሃን ለማውጣት ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ያነበበ ደካማ ሌንስ ሲሞቅ ይክዳል።

ሦስተኛ፣ ሆዱ ላይ ፕላስተር ለጥፈን የሆነውን እንጻፍ፤ «ጸድቷል»፣ «ሌንስ ተቀይሯል»፣ «ብሎን ተነክቷል»፣ «በፍላሽ ብቻ»። ዋጋው እንደ ጽሑፉ ይለያይ። ብሎን የተነካውን ማሽን አትሽጡ አላልኩም፤ ስሙን ጠርታችሁ ሽጡት ነው የምለው።

አራተኛ፣ ለገዢው የሚነሳ ስልክ እንስጠውና የአንድ ወር ቃል እንግባ። ያጸዳነውንና የፈተንነውን ዕቃ ለአንድ ወር መቆም ካልቻልን መጀመሪያውንም ያልፈተንነው ስለሆነ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው። እስከ ዛሬ ማሽኑን ስንረከብ ፉንዲውን የምንጠይቀው «አነበበ ወይ?» ብለን ነው። ከእንግዲህ «ምን ሠራህለት?» እንበለው። መልሱን እስኪጨርስ ቆመን እንስማ፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን እንቁጠር።